ከሉፑ በኋላ የቀረው ቫሪያብል

ዛሬ የድሬዳዋው ከዚራ ሙቀት እንኳን ከወንበሬ አላስነሳኝም። የአንድ የመጋላ ነጋዴን የዕቃ ዝርዝር በጻፍኩት ፕሮግራም ሳወጣ መጨረሻ ላይ ያለው ሩዝ ይጠፋል፤ ከሱ በላይ ያለው ስኳር ሁለቴ ይወጣል። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፎርኢች ዝርዝርን አንድ በአንድ የሚዞር ሉፕ (ድግግሞሽ) ነው። በየዙሩ ዕቃውን የሚይዘው ስም፣ ማለትም ቫሪያብሉ፣ ሉፑ ሲያልቅ አብሮ አይጠፋም። የሚኖርበት ወሰን ፋንክሽኑ (ሉፑን የያዘው የኮድ ክፍል) እንጂ የሉፑ ቅንፍ አይደለም። እኔ ደግሞ የመጀመሪያው ሉፕ ላይ በሪፈረንስ (ቅጂውን ሳይሆን ዕቃውን ራሱን እንዲያመለክት አድርጌ) ይዤዋለሁ። ስለዚህ ሩዙን እንደያዘ ቀረ። ሁለተኛው ሉፕ በዚያው ስም ሲዞር እያንዳንዱን ዕቃ ሩዙ ላይ ይጽፍበታል። መጨረሻ ላይ ስኳር ሆኖ አረፈው።

ኮድ የምጽፍበት ኤዲተር ስለዚህ ትንፍሽ አላለም። ያስጠነቀቀኝ ሌላ ሉፕ ውስጥ ስላልተጠቀምኩበት ቫሪያብል ነው፤ እሱ ማንንም አልጎዳም።

ከመጀመሪያው ሉፕ በኋላ አንዲት የአንሴት (ቫሪያብሉን የሚያጠፋ ትዕዛዝ) መስመር ጨመርኩ። ለነጋዴው ደወልኩላቸው፦ «ጋሼ፣ ሩዙ ተገኝቷል!»