ማንን ላመስግን?

ዛሬ ታኅሣሥ 10 ቀን፣ በስንክሳር የሜራው ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ኒቆላዎስ የሚታሰብበት ዕለት ነው። ከሥራ ተመልሼ፣ ልጄን አስተኝቼ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ በልቤ ሲመላለስ የከረመውን ጥያቄ ለመጻፍ የተቀመጥኩትም ለዚህ ነው። ጥያቄው የእኔ ሳይሆን የሰባት ዓመቷ ልጄ ነው።

በምንኖርበት በኔዘርላንድ ዲሴምበር 5 ማታ የሲንተርክላስ፣ ማለትም በቅዱስ ኒቆላዎስ ስም ለልጆች ስጦታ ያመጣል የሚባለው ሽማግሌ፣ በዓል ይከበራል። በዓሉ ሊደርስ ሲል ልጆች ጫማቸውን ከምድጃ ወይም ከማሞቂያ አጠገብ አስቀምጠው፣ ለሽማግሌው ነጭ ፈረስ ብለው ካሮት ጨምረውበት ይተኛሉ፤ ሲነጋ ካሮቱ የለም፣ በምትኩ ስጦታ አለ። ልጄም ቦት ጫማዋን አስቀምጣ ነበርና ጠዋት በስሟ የመጀመሪያ ፊደል ቅርጽ የተሠራ ቸኮሌት አገኘች። ወዲያው አልበላችውም። በሁለት እጇ ይዛ፣ የተጠቀለለበትን ወረቀት በአውራ ጣቷ እያሻሸች ትንሽ ዝም ካለች በኋላ፣ ትልልቆቹ ልጆች እንዲህ ያለ ሽማግሌ የለም እንዳሏት ነገረችኝና «እማዬ፣ ታዲያ ማንን ነው የማመሰግነው?» አለችኝ።

እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ከደረሰ በኋላ መለስኩት።

የሽማግሌው ታሪክ የሚነሣው በዛሬዋ ቱርክ ደቡባዊ ጠረፍ ነው። ኒቆላዎስ ሉቅያ በምትባለው አገር በጳጥራ ተወልዶ በዚያው አቅራቢያ በምትገኘው በሜራ ኤጲስ ቆጶስነት የተሾመ የ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባት ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችን ሙራ የሚላት፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከብ የቀየረባት ከተማ ይህችው ናት፤ ዛሬ ደምሬ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ ከተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት እንደ አንዱ ይቆጠራል። ሕይወቱ በዝርዝር የተጻፈው ካረፈ ከብዙ ምዕት ዓመታት በኋላ ቢሆንም፣ በሁሉም ዘንድ የቀረው ታሪክ አንድ ነው። ሀብቱን ያጣ አንድ አባት ሦስት ሴት ልጆች ነበሩት። በአገሩ ልማድ ያለ ንብረት የሚያገባቸው ስለማይገኝ፣ ሰውየው ልጆቹን ለዝሙት አሳልፎ ሊሰጥ ተቃርቦ ነበር። ኒቆላዎስ ይህን ሰምቶ ከወላጆቹ ከወረሰው ገንዘብ ወርቅ በከረጢት ቋጥሮ በሌሊት በመስኮታቸው ወረወረ። የመጀመሪያዋ ልጅ ተዳረች። ሌላ ሌሊት ተመልሶ ለሁለተኛዋ እንዲሁ አደረገ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ባጭሩ ላልፈው እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1087 የጣልያን ባሪ ከተማ መርከበኞች አጽሙን ከሜራ ወሰዱት፤ ዝናውም በምዕራቡ ዓለም ተስፋፋ። በኔዘርላንድ የፕሮቴስታንቶች ተሐድሶ የቅዱሳንን በዓል ማክበር ቢከለክልም፣ የልጆቹ ጫማ ግን ከምድጃው አጠገብ አልተነሣም። ሲንተርክላስ የሚለው ስም በአሜሪካኖች አፍ ሳንታ ክላውስ ሆነ፤ በ1823 በኒውዮርክ ግዛት በትሮይ ከተማ ጋዜጣ ላይ የወጣ አንድ ግጥም ስምንት አጋዘን ሰጥቶ በጭስ ማውጫ አስገባው። ያ ግጥም ያለ ደራሲ ስም መታተሙን ሳነብ ልቤ ተነክቷል፤ ስለ ስጦታ የተጻፈው ራሱ ማን እንዳስቀመጠው ሳይታወቅ ከሰው ደጅ ደርሷልና። በ1863 ሠዓሊው ቶማስ ናስት ለጦር ሠራዊት ስጦታ ሲያድል ሣለው፤ በ1931 የጀመሩት የኮካ ኮላ ማስታወቂያዎችም ያንን ሳቂታና ባለ ቀይ ልብስ መልክ በዓለም ዙሪያ አዳረሱት። ቀዩን ልብስ ያለበሱት ግን እነርሱ አይደሉም፤ ቀድሞም ይለብስ ነበር።

እኔን የሚይዘኝ ሦስተኛው ሌሊት ነው። የልጆቹ አባት በዚያ ሌሊት አልተኛም ይባላል። የሚረዳውን ሰው ማወቅ አለብኝ ብሎ ሲጠብቅ ቆየ፤ ከረጢቱ ሲወድቅ ሮጦ ወጣ፤ ደረሰበትም፤ እግሩ ላይ ወደቀ። ኒቆላዎስም በሕይወት እስካለሁ ለማንም እንዳትናገር ብሎ ለመነው። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ወርዋሪውን ነው። እኔ ግን በጨለማ ውስጥ ዓይኑን ገልጦ የተቀመጠውን አባት አውቀዋለሁ፤ እኔም እንደርሱ ሦስት ዓመት ነቅቼ ጠብቄያለሁና።

ባደግኩባት በደብረ ብርሃን፣ በእኔ ዕድሜ፣ የገና አባት የሚባል አናውቅም ነበር። ገና ማለት ጾሙን ፈትቶ ከዶሮው መቅመስና ወንዶቹ ገና ሲጫወቱ ሜዳው ዳር ቆሞ ማየት ነበር። አባቴ ያረፈው ሰባተኛ ክፍል ልገባ ስል ነው። የትምህርት መክፈቻ ሳምንት አንድ ጠዋት እናቴ የቆርቆሮውን በር ስትከፍት በጋዜጣ ተጠቅልሎ በሲባጎ የታሰረ ነገር ደጃፉ ላይ አገኘች። አንድ ደርዘን ደብተር ነበር፤ በደብተሮቹ መካከል ደግሞ ሁለት ድፍን ሃምሳ ብር ተኝቷል። የላይኛው ደብተር ጫፍ ጤዛ ነክቶት ተጨማድዶ ነበር፤ ያ ደብተር የሒሳብ ሆነና ዓመቱን ሙሉ ስከፍተው የተጨማደደውን ጫፍ በጣቴ እነካው ነበር። በዓመቱ ደግሞ መጣ። በሦስተኛውም ዓመት። ብርድ ልብስ ተከናንቤ ከበሩ ሥር ተቀምጬ ያመሸሁባቸው ሌሊቶች ነበሩ፤ ሁልጊዜ ግን እንቅልፍ ቀደመኝ።

ሰጪውን ስላላወቅኩት ሁሉንም ጠረጠርኩ። ባለ ሱቁ ደብተር ይሸጣሉ፤ እርሳቸው ይሆናሉ አልኩ። የእድሩ ዳኛ አባቴን ይወዱት ነበር። ጠላ ሻጯ ወይዘሮ ባየችኝ ቁጥር «በርቺ» ትለኝ ነበር። የሒሳብ መምህሬ ያቺን የተጨማደደች ደብተር ሲያርም ፈገግ ያለ መሰለኝ። ከመካከላቸው አንዱን ሳላመሰግን እንዳላልፍ ስል ለሁሉም ጎንበስ ብዬ ሰላምታ አቀርብ ጀመር፤ የምጠላቸው አንዲት ጎረቤት እንኳ «ምናልባት እርሳቸው ቢሆኑስ?» እያልኩ ውኃ አቀብላቸው ነበር። ቤታችን ውስጥ ያልጎደለ ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ከሰፈራችን ሰው ሁሉ ፊት ጀርባ ደግነት የተሰወረ እየመሰለኝ የኖርኩባቸውን እነዚያን ሦስት ዓመታት የሚያህል ደስታ ከዚያ ወዲህ አግኝቻለሁ ብል እዋሻለሁ። ደመወዝ ተቀብያለሁ፣ ቤት ይዣለሁ፣ ለሰውም ልኬ በስልክ ተመርቄያለሁ። ምርቃቱ ያሞቃል። ያኛው ግን ሌላ ነበር።

ስለዚህ ለልጄ «አላውቅም፤ እስክናውቅ ድረስ ያገኘሽውን ሁሉ አመስግኚ» አልኳት። ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ መንገድ ለምታሻግረው ሴት፣ ብስክሌት ለሚጠግነው ሽማግሌ፣ ለአውቶቡሱ ሾፌር በተራ «ዳንክ ኡ ቬል» ስትል ሄደች። ሾፌሩ ለምን እንደሆነ ሳይገባው ኮፍያውን አነሣላት።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ለእናቴ ደወልኩና የልጅ ልጇን ጥያቄ ነገርኳት፤ የደብተሮቹንም ነገር አነሣሁ። እናቴ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ «እኔማ አውቃለሁ፣ ልጄ። እንዳልናገር ግን አስምለውኛል» አለችኝ።

ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንድም ቀን አልነገረችኝም ነበር። ስልኩን እንደያዝኩ ያቺን ቃል በልቤ ደጋገምኳት። አስምለውኛል። አማርኛችን በአክብሮት ሲናገር ወንዱን ከሴቷ አይለይም፤ አንዱንም ሰው ከብዙዎቹ አይለይም። ባለ ሱቁ ሊሆኑ ይችላሉ። ያቺ ውኃ የማቀብላቸው ጎረቤት ሊሆኑ ይችላሉ። ተሰብስበው አዋጥተውም ሊሆን ይችላል። ሌላ አልጠየቅኳትም። ስለ ጉልበቷ ሕመምና ስለ ዘንድሮው የገብስ ዋጋ ተጨዋውተን ስልኩን ዘጋን።