«የንስሐ አባት ይዘሻል?»

እኛ ቤት የንስሐ አባት አይመረጥም፣ ይወረሳል። አያቴ የያዘቻቸውን ካህን እናቴ ወረሰች፣ እኛም ስንወለድ ጀምሮ የሳቸው ልጆች ሆነን ተቆጠርን። ለዝክር ይመጣሉ፣ ጸሎት አድርሰው ጠበል ይረጫሉ፣ ጠላው ይቀርባል፣ መርቀው ይሄዳሉ። ቁጭ ብሎ ኃጢአቱን የነገራቸው ሰው ግን ከቤታችን መኖሩን እጠራጠራለሁ። ስማቸው ሲነሳ ዋናው ጭንቀት «ስሞት ማን ይፈታኛል?» የሚል ነበር።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ብዙ ጊዜ ማንንም ሳልይዝ ቆየሁ። እጾማለሁ፣ እሳለማለሁ፣ ዓመት በዓል አይቀረኝም። እምነቴ ግን ሰንበት ትምህርት ቤት በተማርኩት ላይ ቆሞ ነበር። ሥራ አድጎ፣ ትዳር መጥቶ፣ ጥያቄዬ ሁሉ ተለውጦ ጸሎቴ ያው የልጅነቱ።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ትዝ ይላችኋል። ኢሳይያስን እያነበበ ሳለ ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው፣ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ብሎ መለሰ። እኛ ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ልንኮራበት ነው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ሰውዬው የንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ በእጁ ያለ ትልቅ ሹም ነው። ያም ሆኖ ሰረገላው ላይ ተቀምጦ «አልገባኝም» አለ። እኔም የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ነገሩ ትንሽ ነካኝ።

ፍለጋ ስጀምር ሰው ሁሉ የታወቁ ሰባኪ ስም ይሰጠኛል። ስብከታቸውን እወዳለሁ፣ ግን ልጆቻቸው ብዙ ናቸው፣ ለማግኘትም ወረፋ ነው። እኔ የፈለግሁት በእግሬ የምደርስበት ደብር የሚያገለግል፣ ሲያዳምጥ ዓይኑ የማይባዝን ካህን ነበር። የሰርክ ጉባኤ፣ የማታውን ትምህርት ማለቴ ነው፣ እየሄድኩ አየሁ። ጉባኤው ሲያልቅ አሮጊቶቹን ቆመው በትዕግሥት የሚያናግሩ አንድ ቄስ ነበሩ። ሰባኪ አይደሉም። ድምፃቸውም ያን ያህል አይደለም።

«አባ፣ የንስሐ ልጅ ልሁንዎት?» አልኳቸው።

ወዲያው እሺ አላሉም። መጀመሪያ የያዝኩት ካህን መኖር አለመኖሩን ጠየቁ፤ በሕይወት ካሉ ተሰናብቶ መምጣት ነው ወጉ። ከዚያ «ለምን ፈለግሽ?» አሉኝ። ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። «ጸሎቴ ደረቀብኝ» አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁና ቀን ሰጡኝ።

የቀጠሩኝ ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የምለውን ስልኬ ላይ ጽፌ ነበር። «አጥፊው፣ የረሳሽውን እግዚአብሔር ያስታውስሻል» አሉ። ጀመርኩ። አለቃዬ እንዲህ ብሎኝ፣ አማቴ እንዲህ አድርጋኝ፣ እኔም ተናድጄ... እያልኩ ስወርድ እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ የእነሱን ንስሐ እነሱ ይግቡ። ያንቺን ንገሪኝ።»

ዝም አልኩ። የራሴን ብቻ ለይቼ ስናገር ነገሩ በጣም አጭር ሆነ። እና በጣም ከበደ። ከተናገርኩት ሁሉ እሳቸው የያዙት እኔ እንደ ቀላል ያለፍኩትን ነው፤ የቤት ሠራተኛዬን የማናግርበትን አኳኋን። ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ለንስሐዬ የታዘዘልኝ ቀኖና ስግደት፣ የየዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ እና ከነሐሴ 1 እስከ 15 ድረስ ከሠራተኛዬ ጋር አንድ ትሪ ላይ መብላት ሆነ። መስቀላቸውን ራሴ ላይ አድርገው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝና ተነሳን።

ስግደቱ ምንም አልነበረም። ትሪው ነው ያስቸገረኝ። መጀመሪያ ላይ ልጅቷም ጭንቅ አላት፣ እኔም የምናገረው ጠፋኝ። ሽሮው መሃላችን ቁጭ ብሎ ሁለታችንም ከየጠርዙ እንቆርሳለን። ጾሙ ሳይጋመስ ስለ እናቷ ታወራኝ ጀመር። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላም ወደ ቀድሞው መመለስ አልሆነልንም፣ አሁንም አብረን ነው የምንበላው። ጸሎቴ ደረቀ ብዬ የሄድኩት ሰው ስለ ጸሎት ብዙ አልነገሩኝም። በሌላ በር ነው የገቡት።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ገደማ እሄዳለሁ። ከባድ ኃጢአት ካልሠራሁ ምን እላቸዋለሁ ብዬ አሳስቦኝ ነበር። ለካ ዋናው ተራው ነገር ነው። ምን አስቀናኝ፣ ማንን ሸሸሁ፣ ጸሎት ላይ ቆሜ ሐሳቤ የት ሄደ። አንዳንዴ እንዲህ አውርተን ብቻ እንለያያለን። ጸሎቱ እምቢ ሲለኝ ሲያሳንሱልኝ ነው ያየሁት፤ «መዝሙር 50ን ድገሚና ውጪ፣ ግን አንድም ቀን አታቋርጪ» አሉኝ። በግእዙ የማላስተውለውን በአማርኛ እንዳነብም ነገሩኝ። እንቅልፍ ሲጠፋኝ ደግሞ ጠበሉንም ሐኪሙንም እንዳልተው መከሩኝ፣ እኔም ሁለቱንም አደረግሁ።

የሥራ ለውጥ ሳማክራቸው ግን «ሂጂ» ወይም «ቅሪ» አላሉም። «እዚያ ሄደሽ ማን ትሆኛለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ያኔ ተናደድኩ፣ መልስ ፈልጌ እንጂ ጥያቄ ፈልጌ አልነበረም። አሁን ሳስበው ውሳኔውን ለኔ መተዋቸው ነው እንድተማመንባቸው ያደረገኝ። የሚያገቡትን፣ የሚሸጡትን፣ የሚገዙትን ሁሉ አባቴ ካላሉኝ የሚሉ ሰዎች አውቃለሁ፣ ይሄ አይጥመኝም። ለንስሐ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ከቤተሰብሽ ተለዪ የሚል፣ ወይም የሌላውን ሰው ጉዳይ የሚያወራ ካጋጠማችሁ ደግሞ ሌላ ፈልጉ። የሰሙትን ማውጣት ለካህን በጥብቅ የተከለከለ ነው።

ዱባይ ያለችው እህቴም እሳቸውን ልያዝ ብላ ነበር። በስልክ ያናግሯታል፣ ይመክሯታል። ለንስሐው ግን «እዚያው ቅርብሽ ያለ ካህን ያዢ» አሏት። ትንሽ ቅር አላት፣ ኋላ ግን ያዘች።

መጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ ስለ ጊዜው አንድ ነገር ልበል። ሰሙነ ሕማማትን አትጠብቁ፤ በዚያ ሳምንት መስቀል መሳለምም ሆነ «እግዚአብሔር ይፍታህ» የለም። ስቅለት ማታ ካህናቱ በወይራ ቅጠል እየጠበጠቡ ስግደት ያዝዛሉ፣ እሱ የራሱ ትልቅ ቦታ አለው፣ ግን ከኋላችሁ ሰልፍ ቆሞ ሕይወታችሁን የምትዘረዝሩበት ሰዓት አይደለም። ከትንሣኤ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ደግሞ ጾምም ስግደትም ስለሌለ ቀኖናው ሊቆያችሁ ይችላል፤ ለመተዋወቅና ለማውራት ግን ይመቻል። እኔ የምመርጠው ተራ የሥራ ቀን ነው፣ ከሰርክ ጉባኤ በኋላ፣ ግቢው ጭር ሲል። ቀድማችሁ ደውሉ፣ ካህናትም ቤተሰብ አላቸው።