የናርኮቲክ ቁልፍ የሌላት ነርስ የት ትቀጠራለች?

አሜሪካ ውስጥ ከሱስ እያገገመች ሥራ የምትፈልግ ነርስን መጀመሪያ የሚያስጨንቃት «ምን ብዬ ልንገራቸው?» የሚለው ነው። መጨነቋ አይፈረድባትም። ግን ይህ ጥያቄ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ላይ የሚመጣ ነው። ከንግግሯ በፊት የሚወስነው ከነርሲንግ ቦርዱ ወይም ከክትትል ፕሮግራሙ ጋር የፈረመችው ኮንትራት ነው። ኮንትራቱ ማታ መሥራትን ከከለከለ፣ አንደበቷ ማር ቢያዘንብም የማታ ክፍት ቦታ ያለው ክፍል አይወስዳትም።

ስለዚህ ሪዙሜውን ለጊዜው አስቀምጡና ኮንትራቱን አውጡ። ደንቡ ከስቴት ስቴት ይለያያል። የቨርጂኒያው የጤና ባለሙያዎች ክትትል ፕሮግራም፣ የሜሪላንዱ ሴፍ ፕራክቲስ፣ የቴክሳሱ ቲፓፕን የየራሳቸው አሠራር አላቸው፤ ጊዜውም አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። ደጋግመው የሚታዩት ገደቦች ግን ይመሳሰላሉ፦ የማታ ሺፍት የለም፣ ኦቨርታይም የለም፣ ፍሎት ማድረግ (ወደ ሌላ ክፍል ተልኮ መሥራት) የለም፣ ኤጀንሲና ትራቭል ነርሲንግ የለም፣ ሰው ቤት ሄዶ መሥራት የለም፣ ሌላ አርኤን (ሬጅስተርድ ነርስ) በሌለበት ብቻን መሥራት የለም፣ በመጀመሪያዎቹ 6 ወይም 12 ወራት ደግሞ ናርኮቲክ፣ ማለትም እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ ማስታገሻ፣ መንካት የለም።

ይህ ዝርዝር የኛን ሰው በተለይ ይጎዳዋል። የማታ ዲፈረንሻል (ተጨማሪ ክፍያ) እየወሰደ፣ ቅዳሜና እሁድ በኤጀንሲ ሁለተኛ ሥራ ደርቦ፣ የቤት ዕዳውንና አገር ቤት የሚላከውን ገንዘብ የሚሸፍን ነርስ ጥቂት አይደለም። ኮንትራቱ ሁለቱንም በአንድ ቀን ያስቆማል። በጀታችሁን በአንድ የቀን ሥራ፣ በሳምንት 40 ሰዓት አስሉት። ከዚያ ላይ ፕሮግራሙ የሚጠይቀውን የሽንት ምርመራ ቀንሱ፤ አንዱ 60 ዶላር ቢሆንና በወር ሁለቴ ብትጠሩ በዓመት 1,440 ዶላር ነው፣ ከኪስ።

«ናርኮቲክ አትነካም» የሚለው አጭር መስመር ሥራ ላይ ምን እንደሚመስል ቀረብ ብለን እንየው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ አንድ ዩኒት አለ እንበል፤ 30 ነዋሪ፣ አንድ ሜድ ካርት (የመድኃኒት ጋሪ)፣ አንዲት ነርስ። ሺፍት ሲቀየር የምትወጣዋና የምትገባዋ ነርስ ካርቱ አጠገብ ቆመው ድርብ ቁልፍ ያለውን መሳቢያ ይከፍታሉ። አንዷ ከደብተሩ «ኦክሲኮዶን 5 ሚሊግራም፣ 22» ትላለች፤ ሌላዋ ክኒኑ የተደረደረበትን ካርድ አንስታ ፍሬውን ትቆጥራለች። ሁለቱም ይፈርማሉ፣ ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ገደብ ያለባት ነርስ መቁጠርም ቁልፉን መቀበልም አትችልም። ቁልፉን ካልተቀበለች ካርቱ የሷ አይደለም፤ ካርት ከሌላት እዚያ ዩኒት ላይ ሥራ የላትም። ብዙዎች ነርሲንግ ሆም «ማንንም ይቀጥራል» ብለው መጀመሪያ የሚያመለክቱት እዚያ ነው፤ የሚመለሱትም በዚህች መሳቢያ ምክንያት ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ፒክሲስ የሚባለው በኮምፒውተር የሚከፈት የመድኃኒት ቁም ሣጥን ባለበት ክፍል ፋርማሲው የናርኮቲኩን ክፍል ብቻ ይዘጋባታል፤ የሷ ታካሚ ሞርፊን ሲያስፈልገው ሌላ ነርስ ትሰጥላታለች። አምስት ስድስት ነርስ ባለበት ፍሎር ይህ ይቻላል፣ ሁለት ባሉበት አይቻልም። ሰው የሚረሳው ግን ምስክርነቱን ነው። ከ4 ሚሊግራም ሞርፊን 2 ተሰጥቶ ቀሪው 2 ሲጣል ሁለተኛ ነርስ አይታ መፈረም አለባት፤ «አትንኪ» የሚለው ገደብ ብዙ ጊዜ ይህንንም ይጨምራል። ባልደረባ በጥድፊያ «ነይ ቶሎ ፈርሚልኝ» ስትል እሺ ማለት፣ አንዲት ጠብታ ሳይነኩ ኮንትራት ማፍረስ ነው።

እንግዲህ የሚፈለገው ቁልፉ የሌለበት፣ ወይም ቁልፉን ሌላ ሰው የሚይዝበት ሥራ ነው። ዳያሊሲስ ክሊኒክ ጥሩ ጅምር ነው፤ በየቀኑ የሚሰጠው ሄፓሪን፣ አይረንና ኤፖ (የደም ማነስ መድኃኒት) ነው፣ ብዙ ጊዜም ሌላ አርኤን አብሮ ይኖራል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ክሊኒኩ ጎሕ ሳይቀድ ይከፈታል፤ ኮንትራታችሁ «ማታ» የሚለው እስከ ስንት ሰዓት ያለውን ነው? ይህን ፕሮግራሙ በጽሑፍ ይመልስላችሁ።

ነርሲንግ ሆም ውስጥም ቢሆን ካርት የማይነካ ወንበር አለ፦ ኤምዲኤስ። የነዋሪውን ሁኔታ እየገመገሙ በተወሰነው ቀን ኮምፒውተር ላይ መሙላት ነው፤ የተቋሙ የሜዲኬር ክፍያ በዚያ ላይ ስለሚመሠረት ጠንቃቃ ሰው ይፈልጋሉ። ሥራው የቀን ነው፣ ወረቀት የማይሰለቸው ሰው ይወደዋል። የፕላዝማ መለገሻ ማዕከላት፣ የክትባት ክሊኒኮች፣ የቁስል ክሊኒክ፣ የኢንፌክሽን ቁጥጥር፣ የኬዝ ማኔጅመንትና የኢንሹራንስ ሥራዎችም አሉ። የኢንሹራንሱ ብዙ ጊዜ ከቤት የሚሠራ ስለሆነ ሱፐርቫይዘር በአካል እንዲኖር የሚል ኮንትራት ያግደዋል። ትምህርት ቤት ቀላል ይመስላል፤ ግን ነርሷ ብቻዋን ናት፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥም ቁጥጥር የሚደረግበት የልጆች ሪታሊን ተቆልፎበታል። በሕይወታቸው መጨረሻ ላይ ያሉ ታካሚዎችን የሚንከባከበው ሆስፒስ በሞርፊኑ ምክንያት ጨርሶ አይታሰብ። የሱስ ማገገሚያ ማዕከል ውስጥ መቀጠርን ብዙዎች ይመኙታል፤ በእኔ እምነት በመጀመሪያው ዓመት የራስን ማገገም ከደሞዝ ጋር ማደባለቅ ጥሩ አይደለም።

ከማመልከታችሁ በፊት ቀጣሪው የሚያየውን ራሳችሁ እዩ። ናርሲስ የሚባለው የላይሰንስ ማረጋገጫ ድረ ገጽ ለማንም ክፍት ነው፣ ገንዘብም አያስከፍልም። ስማችሁን አስገቡና ፕሮቤሽን ወይም ገደብ መኖሩን አንብቡ። በምስጢር የሚካሄድ የክትትል ፕሮግራም ውስጥ ከሆናችሁ ምንም ላይታይ ይችላል፤ የዲሲፕሊን ትእዛዝ ከሆነ ግን ይታያል። ማመልከቻው «ዲሲፕሊን ተወስዶብሽ ያውቃል?» ሲል የተጠየቀውን ብቻ መልሱ። ቦርዱ የሚያካሂደው የክስ ማጣራት፣ ዲሲፕሊንና የክትትል ኮንትራት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መዋሸት ደግሞ አያዋጣም፤ የማመልከቻ ውሸት ራሱን ችሎ ያስባርራል።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሁለቱም የነርሶች ላይሰንስ ኮምፓክት (በአንድ ላይሰንስ በሌሎቹ አባል ስቴቶችም ለመሥራት የሚያስችል ስምምነት) አባል ናቸው። በክትትል ላይ ሳላችሁ ግን በሌሎቹ ስቴቶች የመሥራት መብቱ ይታገዳል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖሩ በሜሪላንድ ላይሰንስ ወንዙን ተሻግሮ አርሊንግተን መሥራት አይቻልም። ይህን ሳያውቁ መሥራት ያለ ላይሰንስ እንደመሥራት ይቆጠራል።

ከዚህ የባሰው ወጥመድ ኦአይጂ የሚባለው የፌዴራሉ ጤና ሚኒስቴር የቁጥጥር ቢሮ የታገዱ ሰዎችን የሚያወጣበት ዝርዝር ነው። ላይሰንሷ የታገደባት፣ የተነጠቀባት ወይም ራሷ ያስረከበች ነርስ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ልትገባ ትችላለች። ስሟ እዚያ እስካለ ድረስ ከሜዲኬርና ከሜዲኬይድ ገንዘብ የሚቀበል ማንም ሊቀጥራት አይችልም። አደንዛዥ መድኃኒትን በሕገ ወጥ መንገድ በማምረት፣ በማከፋፈል፣ በማዘዝ ወይም በመስጠት በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ቢያንስ ለ5 ዓመት ይታገዳል። አስቸጋሪው ነገር ላይሰንሱ ሲመለስ ስሙ ከዝርዝሩ በራሱ አለመውጣቱ ነው። በጽሑፍ ማመልከትና የመመለሻ ደብዳቤ መቀበል ያስፈልጋል። በዓመት ለተወሰነ እገዳ ጊዜው ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀር ማመልከት ይቻላል። ዝርዝሩን ኢንተርኔት ላይ በስም መፈለግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሃያ ቦታ አመልክቶ «ለምን አይደውሉልኝም?» ከማለት በፊት ይሁን።

ዜግነት ለሌላችሁ ደግሞ ከሁሉ የሚቀድም ነገር አለ። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የመድኃኒት ሱሰኛ መሆንን ራሱን ከአገር ለመባረር ምክንያት ያደርገዋል፤ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡም ጥፋትን አምኖ መፈረም ችግር ሊያመጣ ይችላል። የአንዳንዱ ፕሮግራም ኮንትራት «መድኃኒት ከሥራ ቦታ ወስጃለሁ» የሚል መስመር አለው። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ያን ከመፈረሙ በፊት የነርሶችን ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ኢሚግሬሽንንም የሚያውቅ ጠበቃ ያስነብበው።

ወደ ምርመራው ስንመጣ፣ በየቀኑ በአፕ ወይም በስልክ ቼክ ኢን ማድረግ ግዴታ ነው፤ ስማችሁ ከወጣ በዚያው ቀን መሄድ አለባችሁ። ቼክ ኢን መርሳት እንደ ጥፋት ይመዘገባል። ስለዚህ አዲስ ሥራ ስትይዙ ላብራቶሪው እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሆነ ከሺፍታችሁ ጋር አስተያዩ፤ 12 ሰዓት ሠርቶ የሚወጣ ሰው ተዘግቶ ሊያገኘው ይችላል።

አልኮልን የሚያየው ኢቲጂ የሚባለው የሽንት ምርመራ ከሦስት ቀን በፊት የተጠጣን ሊያገኝ ይችላል፤ ፔት የሚባለው የደም ምርመራ ደግሞ ሳምንታት ወደ ኋላ ይሄዳል። ኢቲጂ ስሱ ነው። አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫ፣ የሳል ሽሮፕ፣ በተዘጋ ክፍል ደጋግሞ የሚታሸው የእጅ ሳኒታይዘር ሁሉ ሊያስነሳው ይችላል፤ ፕሮግራሞቹ «አላወቅሁም» የሚለውን አይቀበሉም። ፕሮግራሞቹ የሚሰጡት የተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር የማይጠቅሰው፣ የኛን ሰው የሚመለከት አለ፦ ጠላና ጠጅ ግልጽ ናቸው፤ «ይሄማ አልኮል የለውም» ተብሎ በሠርግና በክርስትና የሚቀርበው ቅሪቦና ብርዝ ግን ቀን ባደረ ቁጥር ይፈላል። ጫት አገር ቤት ሕጋዊ ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው ካቲኖን አሜሪካ ውስጥ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ፣ በሼዱል 1 ነው የተመዘገበው።

ሌላው ጸበል ነው። እምነቱን ማንም አይነካም፤ ችግሩ የውሃው ብዛት ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ሦስት ሊትር ጠጥቶ ላብራቶሪ የሄደ ሰው ሽንቱ ይቀጥናል። ክሪያቲኒን የሚባለው ሽንት ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ከ20 ሚሊግራም በዴሲሊተር በታች ሲወርድና የሽንቱ ጥግግት አብሮ ሲቀንስ ውጤቱ «ዳይሉት» (የቀጠነ) ተብሎ ይመዘገባል፤ ሲደጋገም ሆን ተብሎ እንደተደረገ ይቆጠራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቼክ ኢን ከተደረገና አለመጠራት ከታወቀ በኋላ ይጠጣ። ከተጠሩ የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ሳያሳልፉ፣ ውሃ ሳያበዙ መሄድ። አገር ቤት ለመሄድ ያሰበም ትኬቱን ከመቁረጡ በፊት የፕሮግራሙን ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ።

አሁን ወደ «ምን ልበል?» እንመለስ። የክትትል ኮንትራት ያለበት ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት አለቃው ማወቁ አይቀርም፤ አብዛኛው ኮንትራት ይህን በግልጽ ያዛል። እኔ የምመርጠው ጊዜ ኢንተርቪው ውስጥ፣ ስለ ሥራው ተነጋግራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው። በስልኩ የመጀመሪያ ጥሪ ከሆነ መልማዩ መወሰን የማይችል ሰው ነው፣ ቅጥሩ ካለቀ በኋላ ከሆነ ደግሞ የተደበቀ ይመስላል። ቃሉ ይህን ያህል ይበቃል፦

«ላይሰንሴ ንቁ ነው። በቦርዱ የታወቀ የክትትል ፕሮግራም ውስጥ ነኝ፣ 8 ወር ሞልቶኛል፣ ምርመራዎቼ ሁሉ ንጹሕ ናቸው። እስከ መጋቢት ናርኮቲክ አልሰጥም፣ የቀን ሺፍት ብቻ እሠራለሁ። ናርኮቲክ ለምትሰጥልኝ ነርስ አይቪ በመክፈትና ቁስል በማጠብ እተካላታለሁ። ከእናንተ የሚያስፈልገኝ በየሦስት ወሩ ስለ ሥራዬ ለፕሮግራሙ ፎርም የሚሞላ ሱፐርቫይዘር ነው።»

ከዚያ ዝም። የትኛው መድኃኒት እንደነበር፣ ትዳሩ እንዴት እንደፈረሰ፣ ማን እንደጠቆመ መናገር አያስፈልግም። ፎርሙን በእጅ ይዞ ማሳየት ግን ብዙ ይረዳል፤ አለቃዋ የምትፈራው ያልታወቀ ሥራ እንዳይጨመርባት ነው። ፎርሙን የሚሞላው ሰው ዘመድ ወይም ጓደኛ መሆን የለበትም፤ የራሱ ላይሰንስም ገደብ የሌለበት ይሁን። ሐበሻ የበዛበት ሥራ ቦታ ከሆነ ፎርሙን ማን ማን እንደሚያየው ኤችአርን (የሰው ኃይል ክፍሉን) ጠይቁ፤ ወሬው ከሱፐርቫይዘሯ ቢሮ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እስኪደርስ ሳምንት አይፈጅበትም።

15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ በአካል ጉዳተኞች ሕግ ይገዛል። ይህ ሕግ ያገገመንና አሁን ሕገ ወጥ መድኃኒት የማይጠቀምን ሰው ይጠብቃል፤ ቀጣሪው ቅጥሩን ከማቅረቡ በፊት ያለፈ ሱስንና ሕክምናን መጠየቅ አይችልም፣ ስለ ላይሰንስ ገደብ ግን ይችላል። ለኦፒዮይድ ሱስ ሕክምና የሚሰጠውን ቡፕረኖርፊን በሐኪም ትእዛዝ የሚወስድም ሰው ይጠበቃል። በ2022 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የኢንዲያና ነርሲንግ ቦርድ እንዲህ ዓይነት መድኃኒት የሚወስዱ ነርሶችን ከእርዳታ ፕሮግራሙ በማገዱ ሕጉን እንደጣሰ አስታውቋል። ስለዚህ «መድኃኒቱን ካላቆምሽ» የሚል ፕሮግራም ካጋጠመ፣ ከማቆም በፊት ሐኪሙንና ጠበቃውን ማናገር ይቀድማል።

የናርኮቲኩ ገደብ ጊዜው ሲሞላ በራሱ አይነሣም። በጽሑፍ ጠይቁ፣ የሱፐርቫይዘሯን የመጨረሻ ሪፖርት አያይዙ፣ መልሱን በጽሑፍ ጠብቁ። ደብዳቤው ሲመጣ ቅጂው ለሱፐርቫይዘር፣ ለኤችአርና ለፋርማሲ ይሂድ፤ ፋርማሲው ፒክሲሱን እስኪከፍት ድረስ መሳቢያው አጠገብ አትቁሙ። ከተከፈተ በኋላ ቀሪ መድኃኒት የምትጥሉት ምስክሯ ፊት ለፊት ቆማ፣ ሲሪንጁን እያየች ይሁን፤ «በኋላ እፈርምልሻለሁ» የምትል ካለች ሌላ ምስክር ጥሩ።