ረጅሙ ቁጥር

«ልጄ የላከችልኝን ብር የት አደረሳችሁት?» አሉኝ እማማ፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ ነው፣ ደንበኞች አገልግሎት ላይ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ብርቄ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ብሩ ገብቶ መልእክቱ ስልካቸው ላይ ያልደረሳቸው ናቸው። የእማማን ሒሳብ ከፍቼ አየሁት። የገባ ነገር የለም።

ልጃቸው ዱባይ ነው የምትሠራው። አብሯቸው የመጣው የጎረቤት ልጅ የላከችበትን ደረሰኝ ከስልኩ አውጥቶ አሳየኝ። የተቀባይ ሒሳብ ቁጥር በሚለው ቦታ 16 አሃዝ ተደርድሯል፤ በ4 ይጀምራል። ይሄ የኤቲኤም ካርድ ቁጥር እንጂ የሒሳብ ቁጥር አይደለም።

ጣጣው የመጣው ከቅጹ ነው። እዚያ ገንዘብ ሲላክ አይባን የሚባል፣ ለዓለም አቀፍ ዝውውር የሚያገለግል ረጅም የሒሳብ መለያ ይጠየቃል። የኤምሬቶች አይባን ፊደልና ቁጥር ተደምሮ 23 ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ ጭራሽ አይባን አትጠቀምም። ልጅቷ ይህን ከየት ታውቃለች? ደውላ «ረጅሙን ቁጥር ላኩልኝ» አለች። ቤት ውስጥ ደብተሩም ካርዱም ነበር። የካርዱ በለጠ። የጎረቤት ልጅም ካርዱን በፊትም በጀርባም ፎቶ አንስቶ ላከ።

«እማማ፣ ሰው እንዲደውልልዎ ሲፈልጉ ሲም ካርዱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው የሚሰጡት?» አልኳቸው።

«ኧረ እሱን ማን ያየዋል!»

«የካርዱም ቁጥር እንደሱ ነው፤ ሒሳብ ቁጥርዎ ደግሞ እንደ ስልክ ቁጥርዎ። ሲሙ ቢጠፋ ሌላ ያወጣሉ፣ ስልክ ቁጥርዎ ግን ያው ነው።»

ደረሰኙ ላይ ስማቸውም ልክ አልነበረም። «የቤተሰብ ስም» ሲሏት የራሷን አባት ስም ሰጥታለች። እማማ በባላቸው ስም ተጽፈው አረፉት! ደብተራቸው ላይ ያለው ግን የራሳቸው አባትና አያት ስም ነው። ቁጥሩ ልክ ቢሆን እንኳ ስሙ ብሩን ሊያስይዘው ይችል ነበር። ያም ሆነ ይህ እኛ ያልደረሰንን ገንዘብ ጎትተን ማምጣት አንችልም። ደረሰኙን ይዛ ወደላከችበት ቤት ሄዳ ማስተካከል ያለባት ልጅቷ ናት።

እኔን ይበልጥ ያስጨነቀኝ ፎቶው ነው። በፊት በኩል ስም፣ ቁጥርና የሚያበቃበት ጊዜ፤ በጀርባ ሲቪቪ የሚባሉት፣ ኢንተርኔት ላይ ሲከፈል የሚጠየቁት ሦስት አሃዞች። ኢንተርኔት ላይ ከዚህ በላይ የማይጠይቅ ሱቅ ሞልቷል። የተላከውም ለልጅቷ ብቻ አይደለም፤ የቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው የተለጠፈው። አክስት፣ አጎት፣ የአጎት ልጅ፣ ማን የማን እንደሆነ የማይታወቅም አይጠፋም።

ካርዱን ልየው ስላቸው ከነማቀፊያው ሰጡኝ። ማቀፊያው ላይ በእስክሪብቶ አራት ቁጥር ተጽፏል።

«ይሄስ?»

«የሚስጥር ቁጥሩን እንዳልረሳው ነዋ!»

በሕግ አምላክ! ደግነቱ ማቀፊያው ፎቶው ላይ የለም። ልጁን ፎቶውን አጥፋው አልኩት፤ አጠፋው። ያወረዱት ሰዎች ስልክ ላይ ግን መቅረቱ አይቀርም። እማማን አስፈርሜ ካርዱን ዘጋሁት።

«ካርዱ ምን በደለ?» ብለው ተቆጡ። አዲሱ እስኪደርስ በደብተር ያውጡ አልኳቸው። በደብተር ማውጣት ማለት ሰልፍ ነው፤ ቢቆጡ አይፈረድባቸውም።

ከዚያ ሙሉ ስማቸውን ባንኩ በመዘገበው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ፣ ሒሳብ ቁጥራቸውን፣ የባንኩን ስምና ስዊፍት ኮድ (ከውጭ ገንዘብ ሲላክ ባንኩ የሚለይበትን ኮድ) ወረቀት ላይ አትሜ ሰጠኋቸው። ገንዘብ ለመቀበል ይሄ ይበቃል፤ ካርዱን ማንም ማየት የለበትም። ወረቀቱ ቢጠፋ ሒሳብ ቁጥሩ ደብተሩ ላይ አለ። ሞባይል ባንኪንግ ያለውም እዚያ ያገኘዋል። ብር ሲገባ የሚመጣው መልእክት ግን መሐሉን በኮከብ ስለሚሸፍነው አያገለግልም። ደብተርም ስልክም የጠፋበት ሰው መታወቂያውን ይዞ መምጣት ነው። ደውለው «ቁጥሬን ንገረኝ» የሚሉኝ አሉ። ድምፅ ብቻ ሰምቼ ማን መሆናቸውን በምን አውቃለሁ? አልናገርም። ይሰድቡኛል፣ ለምጄዋለሁ።

የእማማ ብር ኋላ በትክክለኛው ቁጥር ገባ። ከዚያ ወዲህ ከዓረብ አገር ገንዘብ ለሚጠብቅ ደንበኛ በምሰጠው ወረቀት ግርጌ «ኢትዮጵያ አይባን የላትም፤ ይህን ሒሳብ ቁጥር ብቻ ጻፉ» የሚል መስመር በእንግሊዝኛ እጨምራለሁ። ሥራ አስኪያጃችን መጀመሪያ «ይሄ ደግሞ የኛ ሥራ ነው እንዴ?» ብሎኝ ነበር። አሁን ወረቀቱ ሲያልቅ አባዝቶ የሚያስመጣው እሱ ነው።