የስምንት ደቂቃ ልዩነት

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን፣ ረመዳን ደግሞ ከአምስት ቀን በኋላ የካቲት 22 ገቡ። በዚያ ጊዜ በጅማ ከተማ በሚገኝ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም የተማሪዎች አገልግሎት ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር፤ ከግቢው ካፌ ከሚመገቡት ተማሪዎች አብዛኞቹ በአንድ ወቅት ጾመኞች ሆኑ። የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ የሚታረድበትም ሆነ የሚበስልበት ቦታ፣ ቢላዋውና ድስቱ ሳይቀር ከተለየ ቆይቶ ስለነበር፣ የቀረው የምግብ ሰዓት ማውጣት ብቻ እንደሆነ በአስተዳደሩ ዘንድ ታምኖ ነበር። ሰዓቱም ለአዲስ አበባ ከተዘጋጀ የረመዳን ሰሌዳ ላይ ተገልብጦ በካፌው በር ተለጠፈ።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ምሽት፣ በሰሌዳው ላይ የተጻፈው የማፍጠሪያ ሰዓት ደርሶ ምግብ ሲታደል፣ በርካታ ሙስሊም ተማሪዎች ሾርባቸውንና ተምራቸውን ተቀብለው ከተቀመጡ በኋላ አንዳቸውም ሳይነኩ ዝም አሉ። በአገራችን ግቢዎች ተማሪ የተቀበለውን ምግብ ሳይበላ ሲቀመጥ ምን ሊከተል እንደሚችል የሚያውቅ ሰው የካፌውን ኃላፊ ድንጋጤ ይረዳል። አድማ መስሏቸው ጥበቃ ጠሩ፤ ዱላ የያዙ ጥበቃዎችም መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ተማሪዎቹ ይህን ሲያዩ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዳንዶቹም ሳህናቸውን ትተው ሊወጡ ተነሡ።

ነገሩን ያበረዱት የጅማ ተወላጅ የሆኑ አንዲት እንጀራ ጋጋሪ ናቸው። እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ከወጥ ቤት ወጥተው ኃላፊውን፣ «ልጄ፣ ልጆቹ እኮ አላኮረፉም፤ አዛን ነው የሚጠብቁት። የእኛ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም» አሏቸው። ብዙም ሳይቆይ ከከተማው መስጊድ አዛን ተሰማ፤ ተማሪዎቹም ተምራቸውን አነሡ።

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ሁለት ዲግሪ በሚጠጋ የኬንትሮስ ልዩነት ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ የምትጠልቅባት ስምንት ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው። ለማይጾም ሰው ይህ ከቁም ነገር የሚገባ ላይሆን ይችላል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ አውቆ ያፈጠረ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ የዋለበት ጾም ይበላሽበታል። በእኔ አስተያየት ከሰሌዳው ስህተት ይልቅ የከፋው፣ ዝም ብሎ የተቀመጠን ተማሪ «ምን ሆናችሁ?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት ጥበቃ መጠራቱ ነው። ሰሌዳው ሲወጣም፣ ከወጥ ቤቱ ሠራተኞች ብዙዎቹ ራሳቸው ጾመኞች ሆነው ሳለ፣ የጠየቃቸው አልነበረም።

ኃላፊው በማግስቱ ማታ በካፌው መግቢያ ላይ ቆመው ተማሪዎቹን ይቅርታ ጠየቁ፤ ይህን ሳያደርጉ ቢቀሩ ኖሮ በኋላ የተጠራው ስብሰባ የሚሳካ አይመስለኝም። በስብሰባው ላይ ከሰዓቱ ሌላ ብዙ ነገር ወጣ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች፣ የምሳ መስኮቱ ቀድሞ ስለሚዘጋ የምግብ ካርዳቸው በየቀኑ በከንቱ እንደሚያልፍ ተናገሩ። የፍስክ ወጥ የነካ ጭልፋ ወደ ሽሮው ድስት እንደሚገባም ያዩ ነበሩ። የፕሮቴስታንት ተማሪዎች በበኩላቸው የፍስኩ ምግብ ለይስሙላ ብቻ እየቀረበ መሆኑን አነሡ። ከሁሉም ይበልጥ ያከራከረው ግን ሠራተኞቹ ያቀረቡት ጥያቄ ነበር፤ የራት ሰዓት ሲራዘም የሠራተኞች ሰርቪስ አምልጧቸው በጨለማ በእግራቸው ወይም በራሳቸው ገንዘብ በባጃጅ የሚሄዱት እነርሱ ናቸውና። ጭልፋ መለየት ወጪ የለውም፤ ሰርቪስ ማዘግየት ግን ነዳጅና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስለሚጠይቅ፣ ውሳኔው እስኪጸድቅ የረመዳን እኩሌታ አለፈ።

በ2018 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች እንደገና በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። የዚያን ዓመት ሰሌዳ ረቂቅ፣ በጅማ የፀሐይ መጥለቂያ ተሰልቶ ከመለጠፉ በፊት በወጥ ቤቱ ውስጥ ለሠራተኞቹ ተነበበ፤ እንጀራ ጋጋሪዋም ለሰሁር፣ ጎሕ ከመቅደዱ በፊት ለሚበላው ምግብ፣ ምድጃ የሚለኮስበት ሰዓት ዘግይቷል ብለው በግማሽ ሰዓት እንዲቀድም አስደረጉ።