ፍርዱን ያቃናሁ ዕለት

በፓሪስ፣ አሮጌ ጋዜጦችን ወደ ዲጂታል ቅጂ በሚያዛውር አንድ ድርጅት ውስጥ በአራሚነት በሠራሁባቸው ዓመታት፣ የዘወትር ተግባሬ ኮምፒውተሩ ከገጹ ምስል ለቅሞ ያወጣውን ጽሑፍ ከዋናው ጋር እያመሳከርኩ ማረም ነበር። አንድ ቀን «ሻሪቫሪ» የተባለው ዕለታዊ የስላቅ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1834 ያወጣው እትም ደረሰኝ። በፊት ገጹ የሰፈረው የፍርድ ቤት ውሳኔ መስመሮቹ ከላይ አጫጭር፣ ወደ ታች ግን እየሰፉ የሚሄዱ ስለነበሩ፣ የያኔው ፊደል ለቃሚ የተሳሳተ መስሎኝ ሁሉንም እኩል አድርጌ አቃናኋቸው፤ በማስታወሻው ቦታም «የኅትመት ጉድለት» ብዬ ጻፍኩ።

ሥራዬን የሚመረምሩት አንጋፋ ባልደረባ ጠሩኝና፣ «ማንበቡን ይተዉትና ራቅ ብለው ይመልከቱት» አሉኝ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስል ጽሑፉ ፒር የተባለውን ፍሬ ሆኖ ታየኝ።

የጋዜጣው መሥራች ሻርል ፊሊፖን፣ በሌላው ጋዜጣው ላይ በወጣ ሥዕል ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን ሰድበሃል ተብሎ በኖቬምበር 1831 ችሎት ሲቀርብ፣ የንጉሡ ፊት በአራት ደረጃ ወደ ፒር ሲለወጥ የሚያሳይ ሥዕል ይዞ፣ መመሳሰል ወንጀል ከሆነ ፍሬውም ሊከሰስ ነው ሲል ተከራክሮ ነበር። ስድስት ወር እስራትና 2,000 ፍራንክ መቀጮ ከመፈረድ አላዳነውም፤ ፒሩ ግን የንጉሡ መለያ ሆኖ ቀረ። «ሻሪቫሪ» በተራው ተፈርዶበት ውሳኔውን በገጹ እንዲያትም ሲገደድ፣ የዳኞቹን ቃል በፒር ቅርጽ ደርድሮ አወጣው።

በአማርኛችን ፍርድ የሚያጣምም ዳኛ ነው፤ እዚያ ግን ጋዜጠኞቹ የፍርዱን ቃል ሳይነኩ አጣመሙት፣ እኔም ከብዙ ዘመን በኋላ አቃንቼ ስላቁን አጠፋሁባቸው። ሳንሱር እንኳ እንዲህ ያለ ታዛዥ ሠራተኛ ያገኘ አይመስለኝም።

ባልደረባዬ እንዳስረዱኝ፣ በሴፕቴምበር 1835 የወጣው ሕግ ሥዕል ከመታተሙ በፊት የመንግሥት ፈቃድ እንዲያገኝ ሲያዝ፣ ጽሑፍን ግን በዚህ ቅድመ ምርመራ ውስጥ አላስገባም፤ ማንበብ የማይችለውም ሕዝብ ሥዕልን ስለሚረዳ ባለሥልጣናቱ የበለጠ የሚፈሩት እርሱን ነበር። ገጹን እንደገና ስመዘግብ የእኛም ቅጽ «ጽሑፍ» ወይም «ሥዕል» ከሚሉት አንዱን ብቻ እንድመርጥ ጠየቀኝ። ሁለቱንም ብሞላ ፕሮግራሙ አልቀበልም አለ፤ በመጨረሻ «ሥዕል» ብዬ መዘገብኩትና የውሳኔውን ቃል ከሥሩ አሰፈርኩ።