ሰው ምን ይለኛል ሳንል፣ እንኳን አደረሳችሁ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ! ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፍላችሁ። ዝናቡ ገና ጨርሶ አልለቀቀንም፤ ሜዳው ግን በአደይ ቢጫ ለብሷል። ልጃገረዶቹም እንግጫ የሚባለውን ሣር ነቅለው፣ ጎንጉነው፣ በአበባ አስውበውታል።

ዘንድሮ አንድ ነገር እመኝላችኋለሁ፤ ከ“ሰው ምን ይለኛል” እረፉ።

ይህ ጭንቀት በዓል ሲደርስ ይብስበታል። በእኛ አገር እንቁጣጣሽ የሚመጣው ጎተራ በሳሳበት ወቅት ነው። በሐምሌ የተዘራው ጤፍ ገና አረንጓዴ ነው፤ አጨዳው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ከተሜውም ምዝገባው፣ ደብተሩ፣ ዩኒፎርሙ ባንዴ ይወርድበታል። በዚሁ ሳምንት ግን በግ ካልታረደ፣ ልጆች አዲስ ካልለበሱ ጎረቤት ያማናል ብለን እንሳቀቃለን። ብዙ ሰው ለበዓል የሚበደረው ርቦት አይደለም፤ ከማን አንሼ ብሎ ነው። ከዚያ በዓሉ አልፎ ዕዳው ይቀራል።

ቢቸና አካባቢ የምትኖር አክስት አለችኝ። አንድ ዓመት እጅ አጠራትና በጉ ቀረ። ሽሮ በቅቤ ሠራች። ጠላዋን እንደ ወትሮው ጠመቀች፣ ቄጠማዋን ጎዘጎዘች። ከዚያ በሯ ላይ ቆማ፣ ድምጿን ዝቅ ሳታደርግ፣ “ዘንድሮ ሥጋ የለም፤ ሽሮ ነው፣ ኑ!” አለች። መጡ። በሉ፣ ተጫወቱ፣ ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ። ሰው መበተን ሲጀምር አንዲት ጎረቤቷ ጓዳ ድረስ ተከትላ ገባችና፣ “ምነው እኔም እንዳንቺ ባደረግሁ! የበጉን ብር ከየት አምጥቼ እንደምከፍል አላውቅም” አለቻት። ያቺ ጎረቤት የገዛችው አክስቴ እንዳታማት ፈርታ ነው። አክስቴም በየዓመቱ ስታርድ የኖረችው እነሱን ፈርታ ነው። አንዷ አፍ አውጥታ እስክትናገር ድረስ ሁሉም እርስ በርሱ ሲፈራራ ኖሯል።

ይሉኝታ ጨርሶ ይጥፋ ማለቴ አይደለም። ደቦ የምንወጣው፣ ለቅሶ የምንደርሰው፣ ለታላቅ የምንነሳው ይሉኝታም ስላለን ነው። የሰው ቃል የማይከብደው ሰው ለጎረቤትም አይመችም። ጥያቄው የማንን ቃል እንስማ ነው።

እዚህ ላይ የቅኔ ተማሪው ትዝ ይለኛል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ የቅኔ ቤቶቹ የዋሸራ፣ የጎንጅ፣ የዲማ ስም ሩቅ ድረስ ይጠራል። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ “በእንተ ስማ ለማርያም” እያለ በየደጁ ይለምናል። ውሻ ይጮህበታል፤ የሚስቅበትም አይጠፋም። እሱ ልቡ ቅኔው ላይ ነው። ራቅ ብሎ ለብቻው ቅኔውን ሲያዘጋጅ ይቆይና፣ ጓደኞቹ እየሰሙ ለመምህሩ ይነግራል። መጀመሪያ ላይ ሁለት ቤት ያላት አጭር ቅኔ፣ ጉባኤ ቃና ናት። እሷም ብትሆን ትሰናከላለች። መምህሩ እዚያው፣ ሰው ፊት ያርሙታል። በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። የመንገዱን ሳቅ ትቶ የመምህሩን እርማት ይይዛል፤ እንዲህ ባይሆን አንድም ባለቅኔ ባልወጣ ነበር።

እኔም የማከብረው እንዲህ ያለውን ቃል ነው። ቤቴ ገብቶ፣ ቡናዬን ጠጥቶ፣ “ይህን ነገር ባታደርገው ጥሩ ነበር” የሚለኝን ሰው ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። ቢያመኝም እሰማዋለሁ። “እንዲህ እኮ ይሉሃል” ብሎ ወሬ ይዞ የሚመጣውን ግን ሌላ ጨዋታ እንዲያመጣ እለምነዋለሁ።

“መቼ ነው የምታገቢው?” መባሉን ፈርታችሁ ቤተሰብ ጋ መሄድ የከበዳችሁ እህቶቼ፣ ሥራ ፈትታችሁ ከሰው የተደበቃችሁ፣ ከዓረብ አገር ባዶ እጃችሁን ተመልሳችሁ ቀዬውን የሸሻችሁ፣ እባካችሁ ሂዱ። እናት ደጅ ደጁን የምታየው ሻንጣ ፍለጋ አይደለም። ሐዘን ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ ዘንድሮ ነጭ ባትለብሱ፣ ቡና ባትጠሩ ማንም ለምን ሊላችሁ አይገባም። ፈጣሪ ያጽናችሁ።

አዲሱ ዓመት መንገዱ ሰላም የሚሆንበት፣ የናፈቀ የሚገናኝበት ይሁንልን። በዚህ በኩል ካለፋችሁ ጎራ በሉ፤ ያለውን እንቀማምሳለን። መልካም እንቁጣጣሽ!